የሚያርም ጆሮ፦ ሥርዓት የሚማሩበት መንገድ

በወላይታ የዘመን መለወጫው በዓል ጊፋታ መቼ እንደሚውል በጥንቱ ልማድ የሚናገሩት ሽማግሌዎች ናቸው። የጨረቃን መሙላትና መጉደል ይቆጥራሉ፣ እርስ በርስ ያመሳክራሉ፣ ከዚያ ቀኑ ይታወቃል። ቆጠራውን የተማሩት ከአባቶቻቸው ጎን ተቀምጠው በማየት፣ በመጠየቅና ሲሳሳቱ በመታረም ነው። ሥርዓት ያለው ሕዝብ ሁሉ ሥርዓቱን ለተከታዩ ትውልድ የሚያስረክብበት መንገድ አለው። ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረውም በዚያ መንገድ ላይ ነው፤ ምሳሌ የማደርገው በአገራችን ረጅምና ጥብቅ ከሆኑት አንዱን፣ በቤተ ክርስቲያን በዜማ የሚቆመውን የማኅሌትን ትምህርት ነው።

በወላይታ፣ በሶዶም ሆነ በቦምቤ፣ በዓል በሚከበርበት ዋዜማ ሌሊት ማኅሌት ሲቆም የሰማ ሰው፣ ያው ዜማና ያው ሽብሸባ ጎንደርም አዲስ አበባም እንደሚቆም ያውቃል። የወላይታው ንጉሥ ጦና በ1887 ዓ.ም. በብርቱ ጦርነት ድል ሆነው አገሩ በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ፣ አብያተ ክርስቲያናት ሲተከሉ አገልጋዮች ከሰሜን መጡ። ትውፊቱ ግን ከዚያ በፊት ይሄዳል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዳሞት እንዳስተማሩ ይነገራል፣ ወላይታዎችም ይህን ከዳሞታ ተራራ ጋር ያያይዙታል። የመጡት መሪጌቶች መጻሕፍት ይዘው መጥተዋል። ዜማውን ያመጡት ግን በመጽሐፍ አይደለም።

ይህን ለመረዳት ወደ ትምህርቱ ጉባኤ መግባት ያስፈልጋል። ልጅ ፊደል ይቆጥራል፣ ከዚያ ንባብ ይለያል፣ ዳዊት ይደግማል። ዜማ የሚፈልግ ከዚህ በኋላ አገሩን ለቅቆ ይወጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ለምኖ ይመገባል፤ ከመምህሩ ቤት አጠገብ በሠራት ጎጆ ያድራል። መጽሐፍ የሚነበበው በቀን ብርሃን ነው። የቃል ትምህርት ግን ማታ ጨለማ ውስጥ ይቀጥላል፤ በዚያ ሰዓት ተማሪው ያለው ጆሮውና ድምፁ ብቻ ነው። መምህሩ አንድ ሐረግ ያዜማሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ይደግማል። ካላማረ እንደገና ያስደግሙታል። ከፍ ያለው ተማሪ ደግሞ ለታናሹ ያስተምራል፤ በዚህም ለራሱ ያጸናል።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ ዜማው ምልክት አለው አይደል ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አለው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም እንደተጀመረ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ስልቶችም የእርሱ ናቸው። ምልክቶቹ ግን የመጡት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከግራኝ ጦርነት በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም ሆነው ምልክቱን እንደሠሩ ትውፊቱ ያስረዳል። ብዙ መጽሐፍ ተቃጥሎ፣ ብዙ መምህር አልቆ የነበረበት ጊዜ ነበር። ዜማውን በሕይወት የቀሩት ሰዎች ትዝታ ብቻ ይዞት ስለነበር፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የተባሉት ምልክቶች ከፊደሉ በላይና በታች ተጻፉ። ከእነዚህ ሌላ አጫጭር የፊደል ምልክቶች አሉ፤ አንዱ ምልክት አስቀድሞ በቃል የታወቀ አንድ ዜማን ያመለክታል።

የዚህ አሠራር ውበቱ ለእኔ እዚህ ላይ ይታየኛል። ምልክቱ ድምፁ ከፍ ይበል ወይም ዝቅ ይበል ብሎ ለማያውቀው ሰው አይነግርም። ዜማውን ከመምህር ለሰማ ሰው ያስታውሳል፤ ላልሰማ ግን ዝም ይላል። ጽሑፉ መምህሩን አልተካውም፣ የመምህሩን ቃል እንዳይረሳ ጠበቀው።

ይህ ሁሉ ሆኖም አንድ ችግር ይቀራል። በየአገሩ ያለ መምህር በራሱ መንገድ ቢያስተምር፣ ከሁለትና ሦስት ትውልድ በኋላ የጋይንቱ ዜማ ከሸዋው ጋር ላይገናኝ ይችላል። አባቶች ለዚህ ያገኙት መላ የምስክር ቤት ነው። ለእያንዳንዱ ትምህርት የመጨረሻ ማረሚያ የሚሆን ቦታ ተለየ። የዓመቱን በዓላት ዜማ የያዘው ድጓ ምስክሩ ቤተልሔም ነው፣ በደቡብ ጎንደር ጋይንት። ዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ ነው፤ እርሱም እዚያው ጋይንት አካባቢ ነው። የቅዳሴ ምስክሮች ሰለልኩላና በትግራይ ያለው ደብረ ዓባይ ናቸው። አቋቋም ጎንደር በአታ ነው። ቅኔም ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዋድላን የመሳሰሉ የታወቁ ጉባኤ ቤቶች አሉት።

በቤተልሔም የሚሆነውን ላስረዳ። ተማሪው ድጓውን በብዙ ዓመት በሌላ መምህር ዘንድ ተምሮ፣ ብዙ ጊዜም መጽሐፉን በገዛ እጁ በብራና ጽፎ ይመጣል። በምስክሩ ቤት መጽሐፉ ከእናቱ ቅጂ ጋር ይተያያል፤ ምልክቱ የጎደለበት ይሞላል፣ የተሳሳተበት ይፋቃል። ተማሪው ራሱም እንዲሁ ይታረማል፤ ዜማውን በመምህሩ ፊት ያደርሳል፣ የተወለጋገደው ይቀናለታል። ተመልሶ ወንበር ሲዘረጋ የሚያስተምረው የራሱን ሳይሆን የቤተልሔምን ዜማ ነው። በዚህ መንገድ አንድ ትንሽ የገጠር ቦታ በመላ አገሪቱ ያሉ መምህራንን ትጠብቃለች፤ ያለ ፖሊስ፣ ያለ ማኅተም።

አቋቋም ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል፦ አካል። ቁም ዜማ አለ፣ ዝማሜ አለ፣ መረግድ፣ ጽፋትና ወረብ አሉ። መቋሚያው ወዴት ይዘነብላል፣ ጸናጽሉ መቼ ይመታል፣ ከበሮው መቼ ይፈጥናል፣ ይህ በምንም መጽሐፍ ተጽፎ ሊያልቅ አይችልም። ላይ ቤት፣ ታች ቤትና ተክሌ የተባሉ ስልቶች አሉ፤ ጆሮ የለመደ ሰው ከሩቁ ይለያቸዋል። መምህሩ የተማሪውን ክንድ ይዘው የሚያስተካክሉት እዚህ ነው።

በእምነቱ ሳይሆን በማስተማሪያው መንገድ ብቻ ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚችል ነገር በእንግሊዝ አለ። ፍሪሜሶን የሚባለው ማኅበር ስሙ በእኛ ዘንድ ብዙ ጥርጣሬ ያስነሳል። እኔ እዚህ የምነካው አዲስ አባል ሲቀበሉ የሚሉትንና የሚያደርጉትን የሚማሩበትን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1717 ለንደን ውስጥ ሎጅ የሚባሉትን የየአካባቢ ማኅበሮቻቸውን የሚያስተባብር ትልቁ ሎጅ ሲመሠረት ሥርዓታቸው በቃል ብቻ የሚተላለፍ ነበር፤ መጻፍም የተከለከለ ነበር። ሆኖም በ1730 ሳሙኤል ፕሪቻርድ የሚባል ሰው ሥርዓቱን አጋለጥኩ ብሎ መጽሐፍ አሳተመ። በ1751 ደግሞ ተቀናቃኝ ትልቅ ሎጅ ተመሠረተ፤ ሁለቱም ትክክለኛው ሥርዓት የእኔ ነው ይሉ ነበር። በ1813 ታኅሣሥ 27 ሲታረቁ ልዩነቱን የሚያስማማ ልዩ ሎጅ አቆሙ። እርሱም እስከ 1816 ድረስ የተስማሙበትን ለሌሎች ሎጆች ተወካዮች በተግባር አሳየ። መጽሐፍ ግን አልተሰጣቸውም፤ ያዩትንና የሰሙትን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

የሆነው የሚጠበቀው ነው። እያንዳንዱ በራሱ ትዝታ አስተማረ። ስለዚህ በ1823 ለንደን ላይ ኢሙሌሽን የተባለ የልምምድ ሎጅ ተመሠረተ፤ ፒተር ጊልክስ የሚባል መምህርም ስሙን አስጠራው። ዛሬም አርብ አርብ ይሰበሰባሉ። አንድ ቃል የሳተ ወዲያው ይታረማል። ከ1897 ጀምሮ ሥርዓቱን አንድም ጊዜ ሳይታረም ያከናወነ ሰው የብር የክብሪት ማኖሪያ ይሸለማል። የሎጁ ይፋዊ መጽሐፍ የታተመው በ1969 ነው፤ ከመጀመሪያው ስብሰባ 146 ዓመት በኋላ።

የለንደኑን ሎጅና ቤተልሔምን ሳነጻጽር አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታየኛል። እነርሱ የሥርዓታቸውን ንግግር በየቃሉ ይጠብቃሉ። የእኛ አባቶች ግን የዓመቱን በዓላት ሁሉ የሚሸፍን ዜማ፣ ከዚያም ላይ ቅዳሴና አቋቋም ጠብቀዋል፤ ሸክሙ ለአንድ ቦታ እንዳይከብድም በየአውራጃው ከፋፈሉት። ጉዳቱ ደግሞ ግልጽ ነው። እንደ ቤተልሔም አንድ ብቻ የሆነ ቤት ቢፈርስ የሚተካው ሌላ የለም። አሁን በስልክ ተቀርጾ የሚዞር ማኅሌት በየቦታው አለ፤ ለማስታወስ ይጠቅማል። ነገር ግን ቅጂ አያርምም። ስህተት ቢሰማ ስህተቱን ደግሞ ያሰማል እንጂ ዞር ብሎ «እንዲህ አይደለም» አይልም። ተማሪ ወደ ምስክር ቤት መሄዱን ትቶ በስልክ ብቻ ቢማር፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተፈራው የዜማ መጥፋት በዝምታ ይመጣል ብዬ እሰጋለሁ። የመምህራኑን ቀለብ የሚችል፣ ተማሪዎቹን የሚያስጠልል ሰው ያስፈልጋል፤ ይህ ከቦምቤ እስከ ጎንደር ያለ ምእመን ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ማኅሌት ለማየት የሚሄድ አንባቢ፣ የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን፣ ከሥርዓቱ በኋላ መሪጌታውን በአክብሮት «አባታችን፣ ያስመሰከሩት ከየት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ያውቃል። በአታ ካሉ የአቋቋም ሰው ናቸው፤ ቤተልሔም ካሉ የድጓ፣ ዙር አምባ ካሉ የዝማሬና መዋሥዕት። ከዚያም መምህራቸውን፣ የመምህራቸውንም መምህር በስም እየጠሩ ወደ ኋላ ይቆጥሩለታል።