ስለ መሸጥ ብልኀት

ብዙ ሰዎች መሸጥ ማለት ዕቃን ከፍ አድርጎ ማመስገንና በታላቅ ድምፅ ገበያተኛውን መጥራት ይመስላቸዋል። ነገር ግን በገበያ ውስጥ እጅግ የሚጮኸው ሰው፥ እጅግ የሚሸጠው እርሱ አይደለም። የመሸጥ ብልኀት የሚጀምረው ዕቃን ከማወቅ ነው፤ ቀጥሎም ገዢው ዕቃውን ለምን እንደሚፈልገው ከመጠየቅ ነው።

ጤፍ የሚሸጥ ሰው ጤፍ ሁሉ አንድ ነው ብሎ አይናገርም። ማኛ የሚባለው እጅግ ነጩ ጤፍ አለ፤ ነጩና ቀዩ የተቀላቀለበት ሰርገኛ አለ፤ ቀይም አለ፤ ዋጋቸውም ልዩ ልዩ ነው። እንግዳ ለመቀበል የሚሸምት ሰው ማኛውን ይሻ ይሆናል፤ ብዙ ቤተ ሰብ የሚያበላ ግን ሰርገኛ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ደግሞም ጤፍ በእበት በተለቀለቀ ዐውድማ ላይ በበሬ ስለሚወቃ፥ ፍሬውም እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ፥ አፈርና አሸዋ በቀላሉ ይገባበታል። ስለዚህ ዐዋቂ ሸማች ጥቂት ጤፍ በመዳፉ ዘግኖ ያሸዋል፥ እፍ ይልበታል፥ ቈንጥሮም በጥርሱ ይሞክረዋል። ሻጩ ይህን ሁሉ ገዢው ሳይመጣ አስቀድሞ ራሱ ሊያደርገው ይገባል። ከአንዱ ጆንያ አሸዋ በጥርሱ ያገኘ ሰው ሁለተኛውን ጆንያ አይፈትንምና፤ ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል።

የቅቤ ነገር ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። ለጋ ቅቤ ሽታው ለስላሳ ስለ ሆነ ጠጕር ለመቀባት ይመረጣል። ሰንብቶ የበሰለው ቅቤ ግን ሽታው ይበረታል፤ በኮረሪማ፥ በኮሰረትና በአብሽ ተነጥሮ ለወጥ ሲሆን ብዙ ባለሙያ ሴቶች የሚመርጡት እርሱን ነው። እንግዲህ የሰነበተ ቅቤ ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ የሚውልበት ሥራ ሌላ ነው እንጂ። ይህን የማያውቅ ሻጭ የሰነበተውን ለጋ ነው ብሎ መዋሸት ግድ ይመስለዋል።

አንዲት ልጃገረድ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ ገበያ ወጣች እንበል። ለጋው አልቆ የቀራት የሰነበተው ብቻ ነው። ፀሐዩ በርትቷል፥ ቅቤው መላላት ጀምሯል፤ እናትዋም ስትወጣ፥ «ጨውና የወንድምሽን ደብተር ገዝተሽ ተመለሺ» ብላታለች። በዚህ ጊዜ አንዲት ሴትዮ ቀርበው፥ «ልጄ፥ ይህ ቅቤ ለጋ ነውን? ለሙሽራ ጠጕር ነው የምፈልገው» ይላሉ። ልጅቱ «አዎን» ብትል ገንዘቡ ወዲያው በእጅዋ ይገባል። «እናቴ፥ ለጋው አልቋል፤ ይህ ለማንጠር እንጂ ለጠጕር አይሆንዎትም» ብትል ግን ሴትዮዋ ትተዋት ይሄዳሉ። ምናልባት እስከ ማታ ድረስ ትቀመጥ ይሆናል፤ ምናልባትም በመጨረሻ ዋጋዋን ቀንሳ፥ ጨውን ብቻ ገዝታ፥ ያለ ደብተር ትመለስ ይሆናል። ይህ እውነተኛ ጕዳት ነው፤ ቀላል ነው የሚል ሰው በገበያ ተቀምጦ አያውቅም። ይሁን እንጂ በሠርግ ቀን የሙሽራዪቱ ጠጕር ቢሸት፥ ሴትዮዋ በሚቀጥለው ገበያ ወደ ልጅቱ የሚመጡት ለመግዛት አይደለም። እውነቱ ከተነገራቸው ግን ለማንጠር ቅቤ በፈለጉ ቀን ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ። ደንበኛ የሚገኘው እንዲህ ቀስ በቀስ ነው።

አታላይ ሻጭ የሚጐዳው ገዢውንና ራሱን ብቻ አይደለም። በተፈጨ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፥ በቅቤ ውስጥ ሙዝ፥ በማር ውስጥ ስኳር ቀላቅለው የሸጡ ሰዎች ተገኝተዋል። ከዚህ የተነሣ ብዙ የቤት እመቤቶች የተፈጨውን በርበሬ ፈርተው፥ ዛላውን ገዝተው፥ ቀንጥሰውና አድርቀው ራሳቸው ያስፈጫሉ። በንጽሕና ፈጭቶ የሚሸጠው ሰው ባልሠራው በደል ገበያው ተወሰደበት።

ዋጋም በስሌት እንጂ በግምት አይቈረጥም። አንድ ባለሱቅ 100 ኪሎ ሽንኵርት አንዱን ኪሎ በ20 ብር ገዛ እንበል፤ 2,000 ብር ከፈለ። ለማጓጓዣ 70 ብር ጨመረ። ከዚያም 10 ኪሎው በሰበሰበት። አሁን በቀረው 90 ኪሎ ላይ 2,070 ብር ወጥቷልና፥ አንዱ ኪሎ የቆመለት በ23 ብር ነው። ይህ ሰው፥ «በ20 ገዝቼ በ22 ስሸጥ 2 ብር አተርፋለሁ» ቢል፥ ሁሉን ሸጦ ሲጨርስ 90 ብር ከስሯል። እንዲህ ያለው ሰው ነው ብዙ ጊዜ ኪሳራውን በሚዛን ሊያካክስ የሚፈተነው፤ ማጭበርበር ከክፋት ብቻ ሳይሆን ሒሳብ ካለማወቅም ይወለዳል። የመጨረሻውን ዋጋ ከቤቱ ሳይወጣ ያወቀ ሰው ግን በክርክር ጊዜ አይቈጣም፥ አይደነግጥምም፤ እስከዚያ ይወርዳል፥ ከዚያ በታች አይወርድም።

እኽል በቍና ወይም በጣሳ ሲሰፈር ገዢው ዐይኑን ከስፍሩ አያነሣም። ከተሰፈረ በኋላ የሚጨመረው እፍኝ ምርቃት ይባላል፤ ስሙም ያማረ ነው። ነገር ግን ስፍሩን አጕድሎ ምርቃት የሚጨምር ሰው የገዢውን ገንዘብ መልሶ ለገዢው ሰጠ እንጂ፥ ከራሱ አንዳች አልሰጠም።

ገዢ ዕቃውን ቢያገላብጥ ሻጭ ሊቀየም አይገባውም። አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በ1937 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊት የማርያ ቴሬዛ ብር በብዙ ገበያ ይሠራበት በነበረ ጊዜ፥ ሻጮች ራሳቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን ያን ብር እያገላበጡ፥ በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያሉትን የዕንቍ ነጥቦችና በትከሻዋ ያለውን ፈርጥ ይመለከቱ ነበር፤ ያለቀና የደበዘዘ የሆነ እንደ ሆነም አንቀበልም ይሉ ነበር። የሰውን ገንዘብ እንዲህ የሚመረምር ሻጭ፥ ዕቃው ሲመረመርበት ስለ ምን ይቈጣል?

በዱቤ የሚሸጥም ሰው፥ ማን ምን እንደ ወሰደ፥ በስንትና በየትኛው ቀን እንደ ወሰደ፥ ገዢው በፊቱ ቆሞ ሳለ ይጻፍ። በልብ ብቻ የተያዘ ዱቤ ከወር በኋላ ሁለት ቍጥር ይሆናል፤ አንዱ በሻጭ ዘንድ፥ አንዱም በገዢ ዘንድ። ማንበብ የተማረ ልጅ በዚህ ጊዜ ለእናቱ ሱቅ ታላቅ ረዳት ነው። የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ለገዢው ያንብብ፤ ይልቁንም ገዢው ፊደል ያልቈጠሩ ሽማግሌ የሆኑ እንደ ሆነ፥ ቀስ ብሎ ያንብብላቸው፤ «አባባ፥ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ሳሙና ነው፤ ልክ ነውን?» ብሎም እስኪመልሱለት ድረስ ይጠብቅ።