ከቦርዶ እስከ ባቱ፦ ወይን የሚጠይቀው ትዕግሥት

ዱከም ሲባል ዛሬ ቀድመው የሚታወሱት ፋብሪካና ጤፍ ናቸው። የከተማዋ ስም ግን በጠርሙስ ላይም ይገኛል። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ «ዱከም» ብሎ የሰየመው ቀይ ወይን ጠጅ ለዓመታት በሆቴሎችና በግሮሰሪዎች ሲሸጥ ኖሯል። ከሞጆ ወደ ደቡብ ለተጓዘ ደግሞ በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ፣ በባቱ፣ የአንድ ቤተሰብ ድርጅት ያለማው ሰፊ የወይን እርሻ ይገኛል።

እርሻውን ያለማው የፈረንሳዩ ካስቴል ነው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1949 በቦርዶ ከተማ የመሠረቱት ከስፔን የፈለሱ ወላጆች ልጆች የሆኑ ዘጠኝ ወንድሞችና እህቶች ናቸው። ካስቴል እ.ኤ.አ. በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን በመግዛት ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የባቱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2007 ተጀምሮ፣ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተሰኙት ወይን ጠጆች ለገበያ የቀረቡት በ2014 ነው። በመካከሉ ሰባት ዓመት አለፈ።

ከቦርዶ የመጡት እንደ ሜርሎ፣ ሲራና ሻርዶኔ ያሉ ዝርያዎች በባቱ ሌላ አያያዝ ይሻሉ። በቦርዶ ብርድ ሲገባ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል። በባቱ እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ፣ የዕረፍቱንና የፍሬውን ጊዜ የሚወስነው ሰው ነው፤ በመግረዝ። የበሰለ ፍሬ ዝናብ ካገኘው ስለሚበሰብስ፣ መግረዙ ለቀማው በደረቁ ወራት እንዲውል ተደርጎ ይሰላል። ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡም በእርሻው ዙሪያ ጉድጓድ ተቆፍሯል።

ይህ ታሪክ ለአካባቢያችን አርሶ አደር ምን ይነግረዋል? ሽንኩርት በአራትና አምስት ወር ገበያ ይደርሳል። የወይን ተክል ግን ደህና ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ ከያዘ በኋላ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ያፈራል። ካስቴል መጠበቅ የቻለው የቢራ ገቢ ስላለው ነው። በግማሽ ሄክታር መስኖ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር አርሶ አደር ይህ ጉልበት የለውም።

ስለዚህ ወይንን ማስፋፋት የሚያስብ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ችግኝ ከማከፋፈሉ በፊት ሁለት ነገሮችን ቢያረጋግጥ መልካም ነው። አንደኛው ፍሬውን የሚረከብ ፋብሪካ በጽሑፍ የገባው ውል ነው። ሁለተኛው ውኃ ነው፤ ከዝዋይ ሐይቅ የሚስበው ፓምፕ በርክቷልና የጠብታ መስኖ ከመጀመሪያው በዕቅድ ሊያዝ ይገባል። አርሶ አደሩም ማሳውን በሙሉ ሳይሆን ጥቂቱን ለወይን ሰጥቶ፣ በቀሪው ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን እያመረተ ቢጠብቅ ሦስቱን ዓመት ሳይራብ ይሻገራል።