የገበሬው ቪዲዮና የቺፑ ዋጋ

እንደ አርሲ ነገሌ ባለው ስንዴና በቆሎ አብቃይ ወረዳ፣ በመስመር የመዝራትን ጥቅም በቃል ብቻ ከማስረዳት ይልቅ የጎረቤትን ማሳ በቪዲዮ ማሳየት ገበሬውን ይበልጥ ያሳምነዋል። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመሆን በኦሮሚያና በሌሎች ክልሎች የሠራበት ዘዴ ይኸው ነው። ገበሬው ራሱ በቋንቋው ያስረዳል፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም መብራት በሌለበት መንደር በባትሪ በሚሠራ አነስተኛ ፕሮጀክተር ያሳያል።

ይሁን እንጂ ቪዲዮ ከባድ ነገር ነው። መካከለኛ ጥራት ያለው የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ካልተጨመቀ ወደ 7 ጊጋባይት ይይዛል፤ ሲጨመቅ ግን 75 ሜጋባይት ሊበቃው ይችላል። ይህ ጭመቃ ብዙ ስሌት የሚጠይቅ በመሆኑ አቅሙ ዝቅተኛ የሆነውን ኮምፒዩተር ያደክማል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቺፕ ሲኖር ግን ሥራው በጥቂት ኃይል ይከናወናል።

ለቺፑ ንድፍና ለመጭመቂያው ዘዴ የሚጠየቀው የባለመብትነት ክፍያ የመሣሪያውን ዋጋ ያንረዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ቪፒ8 የተባለውን ዘዴ በነፃ ለቀቀ። በ2011 ደግሞ ፊንላንድ ውስጥ በኦውሉ ከተማ የተነደፈውን የመጭመቂያ ቺፕ ንድፍ ለአምራቾች ያለ ክፍያ አቀረበ።

ነፃ ነው መባሉ ብቻ ግን አያስተማምንም፤ አሮጌ ፕሮጀክተር ቪፒ8ን ላያነብ ይችላል። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች የአባላቱን ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የራሳቸውን ፕሮጀክተር ይዘው ቢሄዱ፣ በአዲሱ መሣሪያ የተቀረጸውንም ቪዲዮ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቢያጫውቱት ይሻላል።