«እኛ እንይዛታለን» ለምን አይሰራም? የመዝናኛ ፓርክ የቁመት መለኪያ ጉዳይ

የእንቁጣጣሽ ማግስት ነው። የስድስት ዓመቷ የእህታችን ልጅ አበባየሆሽ ጨፍራ የሰበሰበችውን ብር በትንሽዬ ቦርሳ ይዛ «ዛሬ መርከቡ ላይ ነው የምወጣው» አለችን። መርከቡ ማለት ያ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ሰው የሚያስጮኸው ነው። የሄድነው አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት መዝናኛ ፓርኮች ወደ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አንናገርም፤ ለምን ብትሉ ጥፋቱ የእኛም ነው።

መግቢያው ላይ 120 ሴንቲ ሜትር የሚል መስመር ያለበት ሰሌዳ ቆሟል። ልጅቷ ተለካች፣ አልደረሰችም። በእግር ጣቶቿ ቆመች፣ አሁንም አልደረሰችም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ «አይሆንም» አለ። እኛ ደግሞ እንደለመድነው መደራደር ጀመርን። «ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ፣ በዓል እኮ ነው። መሃል አድርገን እኛ እንይዛታለን።» ከኋላ ሰልፉ ይገፋል፣ ልጅቷ እንባዋ መጥቷል። ልጁ ሰለቸውና አስገባን።

ሁላችንን በጋራ የሚይዘው ብረት ወረደና የእኛ ጭን ላይ ቆመ። ልጅቷን ስናያት በብረቱና በሆዷ መካከል ሌላ ልጅ የሚያስቀምጥ ክፍተት አለ። ያኔ «አቁም» ማለት ነበረብን፣ አላልንም። መርከቡ እየጨመረ ሄዶ ጫፍ ሲደርስ ልጅቷ ከወንበሩ ብድግ ስትል በክንዳችን ተሰማን። አንዳችን እጇን፣ አንዳችን ቀሚሷን ጨምድደን ነው የጨረስነው። እሷ ስትወርድ «ድጋሚ!» አለች። እኛ ግን ጉልበታችን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ማንበብ የጀመርነው። አብዛኞቻችሁ ታናናሾቻችሁን ወይ የእህት የወንድም ልጅ ይዛችሁ ስለምትሄዱ፣ ያገኘነውን እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ያ ብድግ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሹፌሩ የፍጥነት መቀነሻውን ሳያየው ሲዘል ሆዳችሁ የሚባባው ያው ነው። መኪናው ሲወርድ ሰውነታችሁ ገና ወደ ላይ እየሄደ ነው። መርከቡም ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ወንበሩ ከሥራችሁ እየሸሸ ነው፣ ስለዚህ ትቀላላችሁ። ታች ሲደርስ ደግሞ ትከብዳላችሁ። ዳርና ዳር ያሉት ወንበሮች ላይ ይብሳል፣ መሃል የተቀመጠ ብዙም አይሰማውም። በዚያች የመቅለል ሰከንድ ሰውን ወንበሩ ላይ የሚያስቀረው ብረቱ ብቻ ነው።

ብረቱ ደግሞ የሚሰራው ጭን ላይ ሲያርፍ ነው። የ120 ሴንቲ ሜትሩ መስመር ልጁ ጎበዝ ነው ፈሪ ነው አይልም። የሚለው «የዚህ ልጅ ሰውነት ከዚህ ብረት ጋር ይገጥማል ወይ» ነው። ጀርባው ተደግፎ፣ ጉልበቱ በወንበሩ ጫፍ ታጥፎ፣ ብረቱ ጭኑ ላይ ተጭኖ መቀመጥ አለበት። አጭር ልጅ ብረቱን ለመያዝ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ በሥሩም ሊያልፍ ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ብረቱ የጋራ ከሆነ የሚቆመው ወፍራሙ ጭን ላይ ነው። ማለትም ልጅቷን «እንይዛታለን» ብለን አጠገቧ በመቀመጣችን ክፍተቱን የፈጠርነው እኛው ነን! ከእሷ እኩል ከሆነ ልጅ ጋር ብትቀመጥ እንኳን ብረቱ የተሻለ ይጠጋት ነበር። ክንድ ደግሞ ብረት አይተካም። 20 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ማሽኑ ታች ሲደርስ ከዚያ በላይ ነው የምትከብደው፣ እናንተም በዚያው ሰዓት እየተወረወራችሁ ነው።

ሌላው የምንሰማው «ስምንት ዓመቱ እኮ ነው» የሚለው ነው። አንዲት እናት ስትለምን ልጁ «ማዘር፣ ዓመቱን አይደለም፣ ቁመቱን ነው» ሲላት ሰምተናል። ልክ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ መካከለኛ የሚባል ልጅ 120 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ሰባት ዓመት ገደማ ላይ ነው። እኛ አገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ። በዕድሜ መከራከር ስለዚህ አያዋጣም።

«ሁለት ሴንቲ ሜትር ምን ታመጣለች» ለሚል፣ ክፍተት ምን እንደሚያደርግ የታየበት አንድ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 አሜሪካ ኦርላንዶ ውስጥ ሰው ሽቅብ ወስዶ ቁልቁል ከሚለቅ 130 ሜትር ገደማ ማማ ላይ የ14 ዓመት ልጅ ወድቆ ሞተ። ይሄ ልጅ አጭር አልነበረም፣ እንዲያውም አምራቹ ካስቀመጠው የክብደት ጣሪያ በላይ ነበር። ባለሙያዎች ሲመረምሩ የወንበሩ ሴንሰር በእጅ ተነካክቶ ተገኘ። መያዣው ከሚገባው በላይ ክፍት ሆኖ ሳለ ማሽኑ «ተዘግቷል» ብሎ ያነብ ነበር። ማማው በ2023 ተነቅሏል። እዚያ ሴንሰሩ ተታለለ፣ እዚህ በልመና የሚታለለው ማሽኑን የያዘው ልጅ ነው።

ትንንሾቹ የሚወዱት ጃምፒንግም አለ፣ በአየር የሚነፋው ላስቲክ ቤት። ምንም አያደርግም የሚመስለን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ ውስጥ ነፋስ አንስቶት 6 ተማሪዎች ሞተዋል። የእንግሊዝ መመሪያ ነፋሱ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ካለፈ አትጠቀሙ ይላል፣ ቢያንስ 6 ቦታ እንዲታሰርም ያዛል። ልጁን ከማስገባታችሁ በፊት ዙሪያውን አንዴ ዞር በሉና ገመዶቹ መሬት ውስጥ በተቀበረ ነገር ታስረው እንደሆነ ተመልከቱ። ድንጋይ ላይ ብቻ የተጠመጠመ ከሆነ ይቅርባችሁ። ትልልቅና ትንንሽ ልጆች አብረው ሲዘሉም ተጎጂው ትንሹ ነው።

እሺ፣ ስትሄዱ ምን ታደርጋላችሁ? ከቤት ሳትወጡ ልጁን ለኩት። በር ላይ ከማልቀስ ቤት ውስጥ ማኩረፍ ይሻላል። ጠዋት በለበሰው ልብስ ሙሉ ቁመቱን ፎቶ አንሱት፤ በበዓል ግርግር ቢጠፋ «ምን ለብሶ ነበር» ሲባል የሚያስታውስ ሰው የለም። ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ብረቱ ሲዘጋ ቪዲዮውን ተዉትና ብረቱን በእጃችሁ ወደ ላይ ግፉት፣ ክፍተቱንም እዩ። ካልጠበቀ እጅ አንሱና ውረዱ። የከፈላችሁት ቢቀር ይቅር። መብራት ሄዶ ፌሪስ ዊል ላይ ከቀራችሁ ደግሞ ቁጭ በሉ፣ አትወዛወዙ። ለመውረድ የሚሞክር ሰው ነው የሚጎዳው።

ለማይደርሱት ልጆች የሚሽከረከሩት ፈረሶችና ትንሿ ባቡር አሉ። የእኛዋ ግን ፈረስ «የሕፃን ነው» ብላ ንቃዋለች።

በነጋታው ቤት ውስጥ ለካናት፣ 115 ሆነች። የበሩ ጠርዝ ላይ በእርሳስ አሰመርንላት፣ ከሱ በላይ 120 ላይ ደግሞ መርከብ ሳለችበት። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ስለሚጨምር ለሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ትደርሳለች ብለናታል። አሁን በየቀኑ ጠዋት እየተነሳች በሩ ስር ትቆማለች፣ ጫማዋን አድርጋ።