የዒድ ካርድ ከአምበር

በእንቁጣጣሽ ጠዋት የአምበር ልጆች በወረቀት ላይ የሳሉትን አበባ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። የክርስቲያን ቤት፣ የሙስሊም ቤት ብለው አይለዩም። እኛም ደጃችን ለመጣ ልጅ ሳንቲሙን ሰጥተን፣ ሥዕሉን ተቀብለን፣ መርቀን እንሸኛለን። በመስጂዳችን ቁርኣን የሚቀሩት ልጆች በረመዳን የዒድ ካርድ መሥራት የጀመሩት ከዚሁ ተነሥተው ነው። አንዱ ልጅ፣ «ሸኽዬ፣ እኛስ ለዒድ ለምን አንስልም?» ቢለን መልስ አጣንለት።

የእንቁጣጣሹ ሥዕል ለጎረቤት ነው፤ የዒዱ ካርድ ግን ለሩቅ ሰው ነው። አዲስ አበባ የገባ ወንድም፣ ዓረብ አገር ያለች እናት ወይም እህት ያልራቀው ቤት ጥቂት ነው። እናቷ ጅዳ ያለች አንዲት ልጅ አምና የቤታቸውን በር ስላ አረንጓዴ ቀባችው። እናቷ ስትሄድ በሩ ገና ቀለም አልነካውም ነበር።

ቀለሙ ለእኛ እንግዳ አልሆነብንም። በልጅነታችን ስንቀራ ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት ከግራር ሙጫ ጋር በጥብጠን፣ ሸምበቆ ቀርጸን፣ በሉሃችን ላይ እንጽፍ ነበር። በቃላችን ስንይዘው በውሃ አጥበን ሌላ እንጽፋለን። ከሱቅ የሚገዛው የውሃ ቀለምም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የተፈጨ ቀለም በግራር ሙጫ ተይዞ የደረቀ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይፈታል። ልዩነቱ የሉሁ ይታጠባል፣ የካርዱ ይቀራል።

አሠራሩን ለሚፈልግ እንንገር። ወረቀቱ ወፍራም ይሁን፤ የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። ለውሃ ቀለም የሚመረጠው በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ነው። እኛ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አድርገን እንቆርጣለን፤ በዓለም አቀፉ የፖስታ ሥርዓት ፖስት ካርድ ከ9 በ14 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ጠርዙን በፕላስተር ጣውላ ላይ እንለጥፋለን፤ ሲደርቅ ሲላጥ ነጭ ክፈፍ ይተዋል። ሁለት ኩባያ ውሃ ይቀርባል፤ አንዱ ብሩሽ ለማጠብ፣ አንዱ ቀለም ለማቅጠን። ብሩሹን በአፍ ማሾል በጾም ይቅርና በሌላም ጊዜ ክልክል ነው።

የሚጀመረው ከፈዛዛው ነው፤ ደማቁ ኋላ ይመጣል። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ስለሆነ፣ ጨረቃ መሳል የፈለገ ልጅ የጨረቃዋን ቦታ አስቀድሞ ሳይነካ መተው አለበት። ይህ ለችኩል ልጅ ከጾሙ ይልቅ ይከብደዋል።

ነፍስ ያለውን ነገር ስለ መሳል ዑለማዎቻችን የሚሉት ስላለ ልጆቻችን ሰውና እንስሳ አይስሉም። የሚስሉት ግን አይጎድልባቸውም። ረመዳን በጋ ላይ ሲውል ጤፉ ታጭዶ ማሳው ቢጫ ነው፤ የጭድ ክምሩ፣ የባሕር ዛፉ ረድፍ፣ ሚናራው አለ። ከሁሉም ማዶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ቾቄ ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

ጀርባው ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ለመልእክት፣ ቀኙ ለአድራሻ፣ የቀኙ ላይኛ ጥግ ለቴምብር። በእስክሪብቶ ይጻፍ። እርጥበት የሚያሰጋው ሰው ካርዱን በፖስታ አሽጎ አድራሻውን በፖስታው ላይ ይጻፍ። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነውና፣ የራሱ ሳጥን ለሌለው ሰው በመሥሪያ ቤቱ ወይም በዘመዱ በኩል ይላካል። መንገዱ ጊዜ ስለሚወስድ ልጆቹ በረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት ሠርተው ይጨርሳሉ፤ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው ፖስታ ቤት ያደርስልናል።

ፖስት ካርድ በዓለም ላይ የወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 በኦስትሪያ ሃንጋሪ ነው፤ ያን ጊዜ ሥዕል አልነበረበትም። በእኛ አገር ፖስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮችም ፓሪስ ታትመው መጡ። በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የልጆቻችን ካርድ ባሕር የሚሻገረው በዚያ ስምምነት ነው።

«ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉን አሉ። የራሳችንን እንንገራቸው።

ወሎ አብረን የቀራን፣ ከአንድ ገበታ የበላን ወዳጅ ነበረን። በአንድ ኪታብ ተኳረፍን። እኛ አበደርነው እንላለን፤ እሱ የተሰጠኝ ነው ይላል። ነገሩ ትንሽ ነበር፤ ዓመታቱ አከበዱት። ሚንበር ላይ ቆመን ኩርፊያ ከሦስት ቀን እንዳያልፍ እናስተምራለን፤ የራሳችን ግን አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶት ነበር። ስልክ ቁጥሩ አለን፤ ስንቴ አውጥተን መልሰን አስቀመጥነው። ስልክ ሲጮኽ ሰው እዚያው መልስ መስጠት አለበት፤ ሳያስብበት የሚመልሰው ደግሞ የቆየ ቁጣውን ነው። እኛም ብንሆን ከዚያ የተሻልን አልነበርንም።

አምና ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን ቾቄን ሳልን። እጃችን ብሩሽ አልለመደምና ሰማያዊው ፈስሶ ማሳው ውስጥ ገባ፤ ልጆቹ ሳቁብን። ሦስተኛው ደህና ወጣ። በጀርባው «ኪታቡ ሐላልህ ይሁን፤ ዒድ ሙባረክ» ብለን ጻፍን። ይህን በአንደበታችን ልንለው ስንነሣ ሁልጊዜ «ግን» የምትል ቃል ትከተለን ነበር። ካርዱ ላይ ለእሷ ቦታ አልተረፈም። ደሴ ባለ ዘመዱ ፖስታ ሳጥን በኩል ላክነው።

ዒድ አለፈ፤ መልስ የለም። ሸዋልም አለቀ። አላነበበውም፣ ወይም አንብቦ ጣለው ብለን ተውነው። ወር ቆይቶ ከደሴ የመጣ አንድ ነጋዴ የታጠፈ ወረቀት ሰጠን። ሰላምታው አጭር ነው። ከሥሩ፣ «የሳላችሁት ቾቄን ነው ወይስ ጦሳን? እዚህ ቤት ተከራክረውበታል» ይላል። ጦሳ ደሴን ከላይ የሚያያት ተራራ ነው፤ ደረሳ ሳለን እንጨት የለቀምነው እሱ ላይ ነበር። ኪታቡ አልመጣም፤ እኛም አንጠብቀውም።

ዘንድሮ ጦሳን ሳልንለት። ካርዱ ባለፈው ሳምንት ተልኳል።

ስሙ ሲነሣ ዝም የሚሉት ሰው ያለዎት አንባቢ፣ ዒድ ሳይደርስ አንድ ወረቀት ይቁረጡ። ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም፤ ቦታው ጠባብ ነውና ጥቂት ቃል ይበቃል። ረመዳን ሙባረክ።