ያረጀው ትምህርት ቤት በሩ እንዳይዘጋ

ሞያሌ በአንድ ስም እየተጠራች በሁለት መንግሥታት የምትተዳደር የወሰን ከተማ መሆንዋ የታወቀ ነው። በኬንያ በኩል ያለችው ሞያሌ በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ስትሆን፣ ከኢትዮጵያ በኩል ወሰን ተሻግረው የሚማሩባት ልጆች አሉ። ስለሆነም በዚህች ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ቢዘጋ ጉዳቱ የአንድ አገር ቤተሰብ ብቻ አይሆንም።

ትምህርት ቤት የሚጠፋው ግድግዳው ሲፈርስ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። በሞያሌ የታየው ግን ሌላ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በከተማይቱና ባካባቢዋ ግጭት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሸሸ፤ ብዙዎቹም በኢትዮጵያ በኩል ተጠለሉ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገለበጠና አሥር ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ገቡ። እንዲህ ባለው ጊዜ ሕንፃው እንደ ቆመ ይቀራል፤ የሚጠፉት አስተማሪውና ተማሪው ናቸው።

ባዶ የቀረ ክፍል ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ምስጥ ከበሩ መቃን ይጀምራል። ከክዳኑ አንድ ምስማር ሲለቅ ነፋስ ቀሪውን ቆርቆሮ ይነቅለዋል። የዝናቡን ውሃ ከክዳኑ ወደ ማጠራቀሚያው የሚያወርደው አሸንዳም ይሰበራል፤ ይህም በደረቅ አገር ቀላል ነገር አይደለም። እናቶች ይህን ከማናችንም ይበልጥ ያውቁታል፤ ውሃ የጠፋ እንደ ሆነ አስቀድማ ከትምህርት የምትቀረው ጀሪካን የምትሸከመው ልጅ ናትና።

ታዲያ አቤቱታው ለማን ይቅረብ? በ2002 ዓ.ም. በጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕፃናት ቅድመ ትምህርት የካውንቲው ኀላፊነት ሲሆን፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ የማዕከላዊው መንግሥት ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ሕግም ሚኒስትሩ ታሪካዊ ሕንፃን በመንግሥት ጋዜጣ አስታውቆ እንዲያስጠብቅ ይፈቅዳል። መልካም ሕግ ነው፤ ነገር ግን የጋዜጣ ማስታወቂያ አስተማሪ አይቀጥርም፣ ቆርቆሮም አይመታም።

አንድን አሮጌ ትምህርት ቤት የሚያኖረው መማሪያነቱ አለመቋረጡ እንደ ሆነ የአዲስ አበባው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ይመሰክራል። ይህ ትምህርት ቤት በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. ተከፍቶ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በበላይነት ሲመሩት ቆይተው ነበር። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገሩን በያዘ ጊዜ ለኢትዮጵያውያን ልጆች ተዘጋ፤ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላም እንደገና ተከፈተ። ከአብዮቱ ወዲህ ስሙ ወደ እንጦጦ ተለውጦ የሙያ ትምህርት ይሰጥበት ጀመር። በስሙ መለወጥ ያዘኑ የቀድሞ ተማሪዎች አሉ፤ ማዘናቸውም አይነቀፍም። ሆኖም ሕንፃው መጋዘን ከሚሆን ስሙ ተለውጦ ልጆች ቢማሩበት ይሻላል።

በሞያሌ ዋናው ዝናብ የሚወርደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለ ሆነ፣ የወላጆች ኮሚቴና ሹማምንቱ ክዳኑንና አሸንዳውን ሊያስጠግኑ የሚገባቸው በየካቲት ነው።