ስንቁን በቆዳው ሥር የሚሸከም እንስሳ

ኦሪት ዘፀአትን ያነበበ ሁሉ አቆስጣ የሚለውን ስም ያውቀዋል፤ ለደብተራ ኦሪት መደረቢያ ከሆኑት ቁርበቶች አንዱ የእርሱ ነውና። የዕብራይስጡ ቃል በርግጥ የትኛውን እንስሳ እንደሚያመለክት የቋንቋ ሊቃውንት እስካሁን አልተስማሙም። በእኛ ቋንቋ ግን ስሙ በባሕር ለሚኖረው፥ እግሩ እንደ መቅዘፊያ ለሆነው፥ ልጁን ጡት ለሚያጠባው እንስሳ ተሰጥቶ ቀርቷል። ዛሬ ለውድ አንባብያን ልንነግር ያሰብነው ስለ ስሙ ሳይሆን ስለ ኑሮው ነው፤ ይኸውም በዓመት ውስጥ ብዙ ቀን ሳይበላ እንዴት እንደሚኖርና ለዚያ የሚሆነውን ስንቅ መቼ እንደሚያከማች ነው።

የአቆስጣ ዐይነቱ ብዙ ስለ ሆነ ሁሉንም ባንድነት ብንናገር ነገሩ ይደባለቃል። ስለዚህ ሊቃውንት አብዝተው የመረመሩትን አንዱን እንውሰድ። ይህም በሰሜን ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚኖረውና፥ ወንዱ እንደ ኩምቢ የተንዠረገገ አፍንጫ ስላለው የዝሆን አቆስጣ የተባለው ነው። ወንዱ እስከ 2,000 ኪሎ ይመዝናል፥ ከዚያም የሚያልፍ አለ፤ ሴቲቱ ጠግባ ከባሕር በወጣች ጊዜ 500 ኪሎ ያህል ትሆናለች። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፥ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተ ደቡብ፥ አኞ ኑዌቮ በሚባለው የባሕር ዳርቻ በየዓመቱ ይሰበሰባሉና፥ በሳንታ ክሩዝ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሲመዝኗቸውና ሲከታተሏቸው ኖረዋል። (በዚህ ጽሑፍ የዓመቱ ቍጥር እንደ አውሮፓውያን ነው፤ የወሮቹ ስም ግን የእኛ ነው።)

የዚህ እንስሳ ዓመት በአራት ይከፈላል። ሁለት ጊዜ ወደ የብስ ይወጣል፥ ሁለት ጊዜ ወደ ባሕር ይመለሳል። በየብስ ይወልዳል፥ ይጋባል፥ አሮጌ ጠጉሩን ይለውጣል፤ ነገር ግን አንዲት ጉርሻ አይቀምስም። በባሕር ይበላል፥ ነገር ግን ዕረፍት የለውም። ምግቡ በየብስ የለም፤ መውለጃው በባሕር የለም፤ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው ስንቅ ያስፈልገዋል። ስንቁም ጮማው ነው።

ጮማ ማለታችን ለእንግዳ የሚቆረጠውን አይደለም፤ ከቆዳው ሥር ገላውን እንደ ካባ የሸፈነው ወፍራም ሥብ ነው። በቀዝቃዛው ባሕር መደረቢያው እርሱ ነው፤ ነገር ግን ከመደረቢያነቱ ማገዶነቱ ይበልጣል። አንድ ግራም ሥብ ሲቃጠል፥ ከአንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስታርች ከሚገኘው ከእጥፍ የበለጠ ኃይል ይሰጣልና። ውሃውንስ ከየት ያገኛል? ከዚያው ከሥቡ ነው። ሥብ በገላ ውስጥ ሲቃጠል ውሃ ይወልዳል፤ ከ100 ግራም ሥብ ከ100 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ውሃ ይገኛል። ውሃው ስለ ምን ከሥቡ በለጠ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር፥ ከአየር የተሳበው ኦክሲጅን ተጨምሮበት ነውና አይደነቅ። ግመል በሻኛዋ ውሃ ትይዛለች የሚባለውም ተረት ነው፤ በሻኛዋ ያለው ሥብ ነው። አቆስጣው ይህን ውሃ እንዳያባክን በአፍንጫው ውስጥ የተጠማዘዘ ስስ አጥንት አለው፤ ከሳንባው የሚወጣው እርጥብ አየር በዚያ ሲያልፍ ይቀዘቅዝና ጠሉን ጥሎ ይወጣል። ተኝቶም ሳለ ብዙ ደቂቃ ትንፋሹን ይዞ ይቆያል፤ ያልወጣ ትንፋሽ እርጥበት አያወጣምና።

ይህ ጮማ ሕይወቱ እንደ ሆነ ሁሉ ዘሩንም ሊያጠፋው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አዳኞች ጮማውን እያቀለጡ ለመብራት ዘይት አደረጉት፤ በየብስ መሸሽ የማይችል እንስሳ ነውና ጨረሱት። በ1892 በሜክሲኮ ጓዳሉፔ ደሴት ስምንት ወይም ዘጠኝ ብቻ ቀርተው ተገኙ፤ ያገኟቸውም የቤተ መዘክር ሰዎች ነበሩና ሰባቱን ለስብስባቸው ገደሏቸው። የመጨረሻዎቹ መስለዋቸው ሳለ መግደላቸው እስከ ዛሬ ያስገርመናል። ደግነቱ ጥቂቶች ሳይታዩ ተርፈው ነበር። በ1922 የሜክሲኮ መንግሥት ደሴቱን በሕግ ጠበቀው፤ በ1961 አኞ ኑዌቮ ላይ የመጀመሪያው ግልገል ተወለደ፤ ዛሬ ጠቅላላ ቍጥራቸው ከ200,000 በላይ ይገመታል።

አሁን የሴቲቱን ዓመት እንከተል። በግንቦት መጨረሻ ግድም ጠጉሯን ለውጣ ወደ ባሕር ስትገባ ከስታ ነው። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ያህል እግሯ የብስ ሳይነካ፥ በሰፊው ፓስፊክ ላይ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ትዞራለች። ቀንም ሌሊትም ትጠልቃለች፤ አንድ ጊዜ ጠልቃ እስክትመለስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፥ የምትወርደውም 500 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ተንፍሳ እንደ ገና ትወርዳለች። ከ1,500 ሜትር በታች የወረዱም ተመዝግበዋል። በ2021 የታተመ ምርመራ እንደሚያስረዳው፥ በቀን ከ20 ሰዓት በላይ ምግብ ስትፈልግ ትውላለች፤ የምትይዛቸውም ዓሦች ትንንሾች ስለ ሆኑ በቀን ከ1,000 እስከ 2,000 መያዝ ይኖርባታል። ታላላቆቹ ዓሣ ነባሪዎች አፋቸውን ከፍተው በአንድ ጊዜ ብዙ ይውጣሉ፤ እርሷ ግን እንደ ቃርሚያ ለቃሚ አንድ በአንድ ታነሣለች። አንድ ቀን ሥራ ብትፈታ ጎተራዋ በዚያው መጠን ይጎድላል።

እንቅልፍስ? በ2023 የታተመው ምርመራ የአንጎልን እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ በራሳቸው ላይ ተለጥፎ የተገኘ ነው። በባሕር ሳሉ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ይተኛሉ፤ ያውም እየጠለቁ፥ አንዱ ሽልብታ ከ20 ደቂቃ ሳይበልጥ። በውሃው ገጽ አጠገብ ሻርክ ስላለ ለእንቅልፍ የሚሻለው ጥልቁ ነው። በየብስ ግን በቀን አሥር ሰዓት ያህል ይተኛሉ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ሊቃውንቱ የሴቲቱን ስንቅ በባሕር መካከል የሚመዝኑበት ዘዴ ነው። በጥልቁ ሳለች መቅዘፏን ትታ፥ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ፥ እንደ ረገፈ ቅጠል የምትንሳፈፍበት ጊዜ አለ። ቅቤ በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ፥ ሥጋ ግን እንደሚሰጥም እመቤቶች በየማድ ቤታቸው ያዩታል። እንዲሁም የከሳችው አቆስጣ ፈጥና ትወርዳለች፤ ሥቧ ሲጨምር አወራረዷ ይዘገያል፤ በጉዞው መጨረሻ ወደ ላይ የምትነሣም አለች። ስለዚህ በገላዋ ላይ የተለጠፈው ትንሽ መሣሪያ የአወራረዷን ፍጥነት ሲመዘግብ፥ በየትኛው ሳምንትና በየትኛው የባሕር ክፍል እንደ ወፈረች በየብስ ያለው መምህር ያነበዋል። ወፍራሚቱም በዚሁ ትጠቀማለች፤ ውሃው ሲሸከማት ለመመለሻው የምትቀዝፈው ይቀንሳልና።

ፅንሱም ከዚህ ጉዞ ጋር የተያያዘ ነው። የተጋባችው በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት ነው፤ ነገር ግን ፅንሱ ጥቂት ወራት ሳያድግ ይቆያል፥ እድገቱን የሚጀምረው ረጅሙ ጉዞ በሚጀመርበት ጊዜ ግድም ነው። በባዶ ጎተራ አታረግዝም ማለት ነው።

በታኅሣሥና በጥር ወደ የብስ ትወጣለች፤ ከሳምንት በኋላ ከ35 እስከ 40 ኪሎ የሚሆን ግልገል ትወልዳለች። ሊቃውንቱ ይህን ወቅት ጾም ብለው ይጠሩታል። ጊዜው ከጾመ ነቢያት ጋር መገጣጠሙ ለጨዋታ ይሆን እንደ ሆነ እንጂ ሌላ ነገር የለውም፤ እንስሳው የሚበላ አጥቶ ነው እንጂ ፈቅዶ አይደለም። ስሙን ግን ሌላ የሚተካው ስላላገኘን እንዳለ ወስደነዋል። ወተቷ በመጀመሪያው ቀን ቀጠን ያለ ነው፤ ከ100 እጅ 15 እጅ ያህሉ ሥብ ነው። እየዋለ ሲያድር ይወፍርና በመጨረሻ ከግማሽ የሚበልጠው ሥብ ይሆናል። የላም ወተት ከ100 እጅ አራት ወይም አምስት እጅ ብቻ መሆኑን ስናስብ፥ ይህ ወተት ከመባል ይልቅ የቀለጠ ቅቤ ቢባል ይቀርባል። ከአራት ሳምንት በኋላ ግልገሉ 130 ኪሎ ይሆናል። እናቲቱ ግን 500 ኪሎ የነበረችው 300 ኪሎ ሆናለች። ለልጇ 90 ኪሎ ለመጨመር እርሷ 200 ኪሎ ያህል አወጣች።

በዚህ ወራት ጡንቻዋን ብታቃጥል ኖሮ ለመዋኘት የሚሆናት ጉልበት ባልቀረ። ገላዋ ግን ይቆጥባል፤ ከምታወጣው ኃይል ከአሥር እጅ ዘጠኝ የሚበልጠው ከሥብ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ልጇን ትታ ወደ ባሕር ትገባለች። አትሰናበትም፥ ተመልሳም አታየውም። ይህን ጭካኔ የሚሉ ይኖራሉ፤ እኛ ግን አይመስለንም። ጥቂት ቀን ብትጨምር ለራሷ መመለሻ የሚሆን ስንቅ አይቀራትም፤ እርሷ ከሞተች የሚቀጥለው ዓመት ልጅም የለም። እርሷም ብትሆን ከሁለት ወር በላይ በባሕር ቆይታ ለጠጉር መለወጫ ተመልሳ አንድ ወር ያህል እንደ ገና ሳትበላ መቆየት አለባት።

ስለ ወንዱ ብዙ አንናገርም። ከኅዳር ጀምሮ እስከ ሦስት ወር ድረስ ሳይበላ በባሕር ዳር ይቀመጣል፤ ከክብደቱም ከሦስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ያጣል። ይህንንም ያህል የሚከስረው ከሌሎች ወንዶች ጋር እየተጋፋ ነው፤ ከወንዶቹም ብዙዎቹ ዘር ሳይተኩ ይሞታሉ።

እንዲህ ያለውን ጾም የሚችለው ግን ትልቅ ገላ ያለው ነው። በካናዳ ሴብል ደሴት የሚወልደው፥ እናቲቱ ከ100 ኪሎ የማትበልጠው የወደብ አቆስጣ፥ ስንቋ ለማጥባቱ ዘመን ስለማይበቃ ከወለደች ሳምንት ያህል ቆይታ ልጇን በዳር እየተወች ዓሣ ፍለጋ ትሄዳለች። በሰሜን አትላንቲክ በሚንሳፈፍ በረዶ ላይ የሚወልደው ባለ ቆብ አቆስጣ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። በረዶው በማናቸውም ጊዜ ሊሰበር ይችላልና እናቲቱ አራት ቀን ብቻ ታጠባለች፤ ከወተቷ ከ100 እጅ 60 እጅ ያህሉ ሥብ ነው፥ ግልገሉም በአራት ቀን እጥፍ ይሆናል።

የባሕሩ ነገር ሲበላሽ ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል። ለአገራችንም የዝናብ እጥረት በማምጣት የታወቀው ኤል ኒኞ በ1997 እና በ1998 በበረታ ጊዜ የፓስፊክ ውሃ ሞቀ፥ ዓሣውም ራቀ። በዚያን ጊዜ ባሕር የነበሩት እናቶች ከሌላው ዓመት ይልቅ በዝግታ ወፈሩ። የባሕሩ ሙቀት በየዘመኑ እየጨመረ በሚሄድበት በዛሬው ጊዜ መምህራኑ ሚዛናቸውን ያላስቀመጡት ስለዚህ ነው።

በአኞ ኑዌቮ አሸዋ ላይ የቀረው ግልገል ከእናቱ በወሰደው ሥብ ከሁለት ወር በላይ ይኖራል። እንደ እርሱ ከተተዉት ጋር ተኮልኩሎ ቀን ይተኛል፥ ማታ ማታ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መዋኘትንና ትንፋሽ መያዝን ይለማመዳል። የሚያስተምረው የለም። እስከዚያ ከክብደቱ ከአራት እጅ አንዱን እጅ የሚያህል ያቃጥላል፤ ገና ሳይበረታ ቢሄድ ይሰጥማል፥ ቢዘገይ ደግሞ ዓሣ እስኪያገኝ የሚያቆየው ያልቅበታል። በደቡብ ዋልታ በኩል በማኳሪ ደሴት የሚኖሩት ዘመዶቹ ሲመዘኑ፥ ጡት በተዉ ጊዜ ከብደው የተገኙት ከቀለሉት ይልቅ በብዛት ተርፈዋል። በሚያዝያ ግልገሎቹ አንድ በአንድ ከአሸዋው ይጠፋሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከግማሽ የሚበልጡት አይመለሱም።